የጓራኒዎች የባህል ቤት፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አናናስ የሚለውን ቃል የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ቃሉ ከየት መጣ ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ከፈረንጅ ነው ብለን እናልፋለን። እውነቱ ሌላ ነው። ፍሬውም ስሙም የደቡብ አሜሪካ ናቸው። ስሙን ያወጡት የቱፒና የጓራኒ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ፖርቱጋሎች ከእነርሱ አፍ ሰምተው ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ከዚያም ከአገር ወደ አገር ሲዞር ቆይቶ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ደረሰ። «ጃጓር» የሚባለውን አውቶሞቢል የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ ከዚያው የቋንቋ ቤተሰብ የወጣ አንድ ቃል ያውቃል፤ በዚያ አገር ዱር የሚኖር የነብር ዘመድ የሆነ አውሬ ስም ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመን ደግሞ አለ። በጓራኒ ቋንቋ ውሃ የሚባለው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያም ድምፅ የእኛው ሳድስ «እ» ነው። የላቲን ፊደል ለዚህ ድምፅ የራሱ ሆሄ ስለሌለው የአውሮፓ ጸሐፊዎች ልዩ ልዩ ምልክት እየጨመሩ ይጽፉት ነበር። በግዕዝ ፊደል ግን ያለ አንዳች ችግር ይጻፋል። በብራዚልና በአርጀንቲና ወሰን ላይ ያለው ስመ ጥሩ ፏፏቴ ኢጓሱ ሲባል እንሰማለን፤ ባለቤቶቹ የሚሉት «እ ጓሱ» ነው፤ ታላቅ ውሃ ማለት ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ሕዝብ ጥቂት ለመጻፍ ያነሣሣን የቃል ፍቅር ብቻ አይደለም። ጓራኒዎች ከአባት ከአያት የወረሱትን ዕውቀት ለመጠበቅ በየመንደራቸው የባህል ቤት ማቋቋም ከጀመሩ ወዲህ የገጠማቸው ጥያቄ፣ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ባህል የሚጻፍ ወረቀት እየቀረበለት ይፈርማል ብለን የምናስበውን ወጣት አንባቢያችንን ይመለከተዋል ብለን ነው።

ጓራኒዎች በብራዚል፣ በቦሊቪያ፣ በፓራጓይና በአርጀንቲና ተበትነው ይኖራሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የጓራኒ አህጉራዊ ካርታ ቁጥራቸውን ከ280,000 በላይ፣ መንደሮቻቸውንም ከ1,400 በላይ አድርጎ ቆጥሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ምብያ፣ ካዮዋ፣ ኛንዴቫ እየተባሉ በልዩ ልዩ ወገን ይጠራሉ። ቋንቋቸው ግን ከእነርሱ አልፎ የሌላም ሆኗል። በፓራጓይ አገር ራሱን ጓራኒ ብሎ የማይጠራው የከተማ ነጋዴና ወታደር ሳይቀር አብዛኛው ሕዝብ ጓራኒኛ ይናገራል፤ የ1992ቱ ሕገ መንግሥትም ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል።

ታዲያ ችኩል የሆነ ሰው «ቋንቋው ከዳነ ምን ቀረ?» ሊል ይችላል። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ በቋንቋው ውስጥ የተከማቸውን አያውቅም። የአንዲትን ቅጠል ስም መጥራት አንድ ነገር ነው፤ ቅጠሏ መቼ እንደምትቆረጥ፣ ከምን ጋር እንደምትወቀጥ፣ ለማን እንደማትሰጥ ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ዕውቀት እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት የማቴን ታሪክ እንመልከት። ማቴ ጓራኒዎች «ካአ» የሚሉት የዛፍ ቅጠል ነው። በሙቅ ውሃ ሲጠጣ ማቴ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲሆን ቴሬሬ ይባላል። እንደ እኛ ቡና የጎረቤት መገናኛ ነው፤ የሚለየው ሁሉም በተራ በአንድ ዋንጫና በአንድ መምጠጫ መጠጣቱ ነው። ከ1609 እስከ 1767 ዓ.ም. ድረስ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ጓራኒዎችን በ30 ከተሞች ሰብስበው ያስተዳድሩ ነበር። (በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የነበሩትና በአፄ ፋሲል የተባረሩት የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው።) የማቴ ዘር በቀላሉ አይበቅልም። ሆኖም በእነዚያ ከተሞች የጓራኒ ገበሬዎችና መነኮሳቱ ዘሩን የሚያበቅሉበትን ዘዴ አግኝተው ዛፉን በእርሻ ተከሉት። በ1767 ዓ.ም. የስፔን ንጉሥ መነኮሳቱን ሲያባርር ከተሞቹ እየፈረሱ ሄዱ፤ ገበሬውም ተበተነ፤ እርሻው ጫካ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ነጋዴው ሁሉ ቅጠሉን ለመልቀም ወደ ዱር ተመለሰ። ቦንፕላን የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ማቴን እንደገና በእርሻ ለማልማት ሲሞክር፣ በ1821 ዓ.ም. የፓራጓይ ገዥ የነበረው ዶክቶር ፍራንሲያ ወታደሮች ይዘውት ለብዙ ዓመታት በዚያ አገር ታግዶ ኖረ። እርሻው እንደገና የቆመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ነው።

ዛፉ በዚህ ሁሉ ዘመን በየዱሩ ቆሞ ነበር። ቅጠሉንም ሰው ይጠጣ ነበር። መጻሕፍትም ነበሩ፤ ሩይስ ዴ ሞንቶያ የተባለው መነኩሴ በ1639 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ ትልቅ የጓራኒ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። የጠፋው አባት ለልጁ እያሳየ የሚያስተምርበት መንደር ነው።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዕውቀቱ ሳይጠፋ ባለቤቱ ሲጠፋ ማለታችን ነው። በፓራጓይ ሰሜን ምሥራቅ በአማምባይ ኮረብታዎች ጓራኒዎች «ካአ ሄኤ» የሚሏት አንዲት ትንሽ ቅጠል አለች፤ ጣፋጭ ቅጠል ማለት ነው። በፓራጓይ ይኖር የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሞይሴስ ቤርቶኒ ከአገሬው ሰዎች ወሬዋን ሰምቶ በ1899 ዓ.ም. ለሳይንስ ዓለም አስታወቃት። ዛሬ የምትታወቀው ስቴቪያ ሬባውዲያና በሚል ስም ነው። የመጀመሪያው ስም የተወሰደው ከአንድ የስፔን ሊቅ፣ ሁለተኛው ሬባውዲ ከሚባል ኬሚስት ነው፤ ቅጠሏን መጀመሪያ የቀመሰው ሕዝብ ስም ግን በዚያ ውስጥ አይገኝም። በ1931 ዓ.ም. ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ጣፋጩን ነገር ከቅጠሏ ለይተው አወጡት፤ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ይጣፍጣል። ጃፓኖች በ1970ዎቹ ዓመታት ለንግድ አዋሉት። አሜሪካ በ2008፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ዓ.ም. በምግብና በመጠጥ ውስጥ እንዲገባ ፈቀዱ። እነሆ ዛሬ በየአገሩ «ያለ ስኳር» ተብሎ በሚሸጠው ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ይገኛል፤ ተክሉም በብዛት የሚመረተው በቻይና ነው። ከዕፀዋትና ከነባር ዕውቀት የሚገኘውን ጥቅም ከባለቤቶቹ ጋር ስለ መካፈል የሚደነግገው የናጎያ ስምምነት የጸደቀው በ2010፣ በሥራ ላይ የዋለው በ2014 ዓ.ም. ነው። ጓራኒዎቹም ድርሻችን የት አለ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። ነገር ግን ቅጠሏ ከመንደር ከወጣች ከ100 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

እንግዲህ የባህል ቤት የሚሠራ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ካልጻፈ የማቴው ይደርሳል፤ ከጻፈ የቅጠሏ። ለዚህ ችግር መፍትሔው ምንድን ነው ቢሉ፣ ጓራኒዎች ራሳቸው ከጥንት ጀምሮ አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ይኸውም ቃልን በሁለት መክፈል ነው።

ምብያዎች «ኜኤ» የሚሉት ቃል ትርጉሙ ቃልም ነው ነፍስም ነው። ሰው ማለት በእነርሱ እምነት ከላይ የተላከ ቃል ሥጋ ለብሶ ሲቆም ነው። ስለዚህ ሕፃን እንደ ተወለደ ስም አይሰጠውም። ቆሞ መሄድና አፍ መፍታት ሲጀምር፣ በጸሎት የታወቀው ሽማግሌ የልጁ ነፍስ ከየትኛው የሰማይ ማዕዘን እንደ መጣች ሰምቶ ስሟን ይናገራል። የዕለት ተዕለት ንግግር ለሁሉ የተፈቀደ ነው። «ኜኤ ፖራ»፣ ያማረ ቃል የሚሉት ግን በጸሎት ቤት ብቻ የሚነገር ሲሆን ለባዕድ አይገለጥም። ይህን ምሥጢር ለረጅም ዘመን ጠብቀው በመኖራቸው፣ አጠገባቸው የኖሩ ፓራጓያውያን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቁም ነበር።

ምሥጢሩ እንዴት እንደ ተገለጠ የሚነገረው ታሪክ ደስ የሚል ነው። ሌዖን ካዶጋን የተባለ በ1899 ዓ.ም. ከአውስትራልያውያን ወላጆች በፓራጓይ የተወለደ፣ በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው በቪያሪካ ከተማ አካባቢ ይኖር ነበር። አንድ ምብያ በዚያች ከተማ ታስሮ ሳለ ካዶጋን ደክሞ አስፈታው። ከዚህ በኋላ የምብያ ሽማግሌዎች ተመካክረው እንደ ወገናቸው ቆጠሩትና ያማረውን ቃል ነገሩት። እርሱም ጽፎና ተርጉሞ በ1959 ዓ.ም. በሳን ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት «አይቩ ራፕታ» በሚል ስም አሳተመው፤ የቃል መሠረት እንደ ማለት ነው። ካዶጋን በ1973 ዓ.ም. ሞተ። መጽሐፉ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይጠናል። ልብ ማለት የሚገባን በሩን የከፈቱት ሽማግሌዎቹ መሆናቸውን ነው። የከፈቱትም ለሊቅነቱ አይደለም፤ ስላደረገላቸው ነገር ነው።

አሁን ወደ ባህል ቤቱ እንግባ። ሳን ፓውሎ በብራዚል ካሉት ከተሞች ሁሉ የምትበልጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለባት ከተማ ናት። በዚች ከተማ አስተዳደር ክልል ውስጥ የጓራኒ መንደሮች አሉ ቢባል የማያምን ብዙ ነው። በ2004 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሦስቱ፣ ማለትም በጃራጓ፣ በክሩኩቱና በቴኖንዴ ፖራ የነባር ሕዝብ የትምህርትና የባህል ማእከል አቋቋመ። ዋናው ሥራቸው ከሕፃናቱ ጋር ነው። እስከ 6 ዓመት ያሉት ልጆች በዚያ ይውላሉ፤ የሚያስተምሯቸው የመንደሩ ሰዎች ሲሆኑ ቋንቋውም ጓራኒ ነው። ፖርቱጊዝ በኋላ ይደርሳል። ለዚህም ሕግ አላቸው፤ የ1988ቱ የብራዚል ሕገ መንግሥት ነባር ሕዝቦች በገዛ ቋንቋቸውና በራሳቸው የማስተማሪያ መንገድ እንዲማሩ ፈቅዷል።

ከማእከሉ በተጨማሪ በየመንደሩ «ኦፕ» የሚባል የጸሎት ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መስኮት የለውም። ማታ ማታ መንደሩ በዚያ ይሰበሰባል፤ የፒፓው ጢስ ቤቱን ይሞላዋል፤ ሴቶቹ የቀርከሃ ግንድ መሬት ላይ እየመቱ ምት ይሰጣሉ። ወንዶቹ ደግሞ ባለ 5 ክር ጊታርና «ራቬ» የሚባል ባለ 3 ክር መሣሪያ ይጫወታሉ። ራቬን የእኛ ማሲንቆ የሩቅ ዘመድ ብንለው ብዙ አንሳሳትም፤ በደጋን የሚመታ ነውና። ጊታሩና ራቬው ከአውሮፓ የመጡ መሆናቸው ለአንዳንድ ሰው ቅር ያሰኘው ይሆናል። «ይህማ ንጹሕ ባህል አይደለም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን የእነዚህን ሰዎች ክርክር ሰምተን አያውቅም ያልነው ነገር ቢኖር ንጹሕ የሚባለው ባህል በየትኛው አገር እንደሚገኝ ነው። ጓራኒዎች ጊታሩን ተቀብለው ክሩን በራሳቸው ቅኝት ቃኝተው በጸሎታቸው ውስጥ ካስገቡት ብዙ ዘመን ሆነው፤ የማን እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚነግረን የለም።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የየመንደሩ ሕፃናት መዘምራን ዜማቸውን በሲዲ አሳትመዋል፤ ለእንግዳም ይዘምራሉ። በኦፕ ውስጥ ሌሊት የሚባለው ግን አይቀረጽም። እዚህ ላይ ነው የማእከሉ ጥበብ ያለው። የሚታየውንና የማይታየውን የሚለየው ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሳይሆን መንደሩ ነው። የቤተ መዘክር ልማድ ያለን ሰዎች የባህል ቤት ሲባል ቶሎ የሚታየን የመስታወት ሣጥን፣ የተጻፈበት ካርድና የጎብኝዎች መዝገብ ነው። ሪፖርትም ስንጽፍ የምንቆጥረው ስንት ክፍል እንደተሠራና ስንት ዕቃ እንደተሰበሰበ ነው። የተዘጋ በር በየትኛው ሰንጠረዥ ይገባል? ዲፕሎማ የሌላቸው እማሆይ ቅጠል ለይተው ስላወቁ በስንተኛ ደረጃ ይቀጠራሉ? ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል እንጂ የባህል ቤት የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ነው።

ሌላው ነገር መሬት ነው። ጓራኒዎች መንደራቸውን «ቴኮሃ» ይሉታል። «ቴኮ» አኗኗር፣ ሥርዓት፣ ባሕርይ ማለት ሲሆን ቴኮሃ ደግሞ ያ አኗኗር የሚኖርበት ስፍራ ነው። ስፍራው ከሌለ አኗኗሩ የለም ማለታቸው ነው። የጃራጓ ሰዎች በ1987 ዓ.ም. የተከለለላቸው 1.7 ሄክታር ብቻ ነበር፤ የአንድ ጋሻን ሃያኛ እንኳ አይሞላም። በብራዚል ከተከለሉት የነባር ሕዝብ መሬቶች ሁሉ ትንሹ ነው። እዚያ ላይ ስለ መድኃኒት ዛፍ ለልጅ ማስተማር የሚቻለው በሥዕል ነው። በ2015 ዓ.ም. የፍትሕ ሚኒስቴር 532 ሄክታር የእነርሱ መሆኑን አወጀ፤ በ2017 ዓ.ም. ሌላ ሚኒስትር መጥቶ ውሳኔውን ሻረ። ጓራኒዎቹ በጃራጓ ተራራ ጫፍ ያሉትን የማሰራጫ ማማዎች ይዘው ተቃወሙ። ነገሩ በፍርድ ቤትና በአደባባይ ሲያከራክር ቆይቶ በ2024 ዓ.ም. መሬቱ እንደገና በአዋጅ ተሰጣቸው።

ከሁሉ የከፋው በማቶ ግሮሶ ዶ ሱል ክፍለ ሀገር ያሉት የካዮዋዎች ሁኔታ ነው። ከ1915 እስከ 1928 ዓ.ም. መንግሥት በ8 ጠባብ ክልሎች ሰብስቦ አሰፈራቸውና የቀረው መሬት ለከብት አርቢና ለእርሻ ባለሀብት ሄደ። በ1917 ዓ.ም. የተቋቋመው የዶራዶስ ክልል ከ3,600 ሄክታር የማይበልጥ ሲሆን በላዩ ላይ ከ10,000 በላይ ሰው ይኖርበታል። ካዮዋዎች ነጩ በቆሎ ሲደርስ «ጄሮስ ፑኩ» የሚባል ረጅም ዝማሬ አላቸው፤ ከማታ ጀምሮ እስኪነጋ ይቆማል። ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት ዘማሪዎች ጥቂት ናቸው። ዝማሬውን ለመማር ብዙ ዓመት፣ ለመዘመር ነጩ በቆሎ፣ ለበቆሎው ደግሞ ማሳ ያስፈልጋል። በሣር የሚከደነው ትልቁ የጸሎት ቤታቸውም በየጊዜው በእሳት እንደሚጋይ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ስለ መሬታቸው በመናገር የታወቀው፣ በ1980 ዓ.ም. ማናውስ ላይ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ፊት የሕዝቡን በደል ያሰማው ማርሳል ዴ ሱዛ በ1983 ዓ.ም. ተገድሏል። በእንዲህ ያለ አገር የባህል ቤት ሠርቶ ሪባን ቆርጦ መሄድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ወጣቱ ራሱ ከተማና ስልክ ይፈልጋል፤ ሽማግሌው ብቻ የሚያለቅስለትን ነገር በግድ ማቆየት ለምን?» ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው። በሳን ፓውሎ መንደሮች መሬቱን ለማስመለስ የተሰለፉት፣ ማማው ላይ የወጡት፣ በስልካቸው ፊልም እያነሡ ለዓለም ያሳዩት ወጣቶቹ ናቸው። በ2022 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የተከፈተውን የነባር ሕዝቦች ባህል ቤተ መዘክር ከመንግሥት ጋር ሆነው ከሚመሩት መካከልም ጓራኒዎች አሉበት። ምርጫው ከስልኩና ከኦፕ አንዱን መተው አልሆነባቸውም።

ቴኖንዴ ፖራ በ1987 ዓ.ም. የተከለለላት 26 ሄክታር ነበር። ሰው ሲበዛ የሚዘራበት ጠፋ፤ በቆሎ ከሱቅ መጣ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 16,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት የእነርሱ መሆኑ ሲታወጅ ቤተሰቦች ከጠባቡ መንደር እየወጡ አዳዲስ መንደር መሠረቱ። ከአዋጁ አስቀድሞ በ2013 ዓ.ም. የተመሠረተችው ካሊፔት ስሟን ያገኘችው ከባሕር ዛፍ ነው፤ ስፍራው ቀድሞ የባሕር ዛፍ ተክል ነበርና። ባሕር ዛፍ ያደከመው መሬት ምን እንደሚመስል የአገራችን ገበሬ ያውቀዋል። የካሊፔት ሰዎች ያንን አፈር እያከሙ፣ በሌሎች የጓራኒ መንደሮች ካሉ ዘመዶቻቸው ዘር እየለመኑ፣ የአያቶቻቸውን በቆሎና ስኳር ድንች መልሰው ዘሩ። ቢጫውም፣ ነጩም፣ ቀዩም፣ ጥቁሩም በቆሎ በቀለ። ከዚህ በቆሎ ሴቶቹ «ምቦጃፔ» የሚባለውን ዳቦ ይጋግራሉ። ዳቦው በኦፕ ውስጥ ይቀርባል፤ ያን ዕለት ሽማግሌው አፍ ለፈቱት ሕፃናት ስማቸውን ይነግራቸዋል።